ለጭቃና ለግራኝ የሚሆን የሰንጢ መቆለፊያ የትኛው ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ውስጥ የፖም ችግኝ እያዳቀልኩ ነው የምተዳደረው። አዲስ ታጣፊ ሰንጢ ልገዛ ብዬ መቆለፊያው ላይ ሐሳቤ ተያዘ፤ የምታውቁ እርዱኝ።

አሁን የያዝኩት ላይነር ሎክ የሚሉትን ነው። ሲከፈት እጀታው ውስጥ ያለች ስስ ብረት ወደ ጎን ተፈናጥራ የስለቱን ሥር ከኋላ ትደግፋለች። በአንድ እጅ ይዘጋል፤ ግን ብረቷን ለመግፋት አውራ ጣት ስለቱ በሚወርድበት መንገድ ላይ መግባት አለበት። እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ፣ ብረቷ የተሠራችው ለቀኝ አውራ ጣት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የስለቱን ጀርባ በቀስታ ስጫነው አንዳንዴ ብረቷ መሸሿ ነው። ይህ ይጠገናል ወይስ ሰንጢው ይጣል?

ባክ ሎክ የሚሉት፣ በእጀታው ጀርባ ባለ ዘንግ የሚቆለፈው፣ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው፣ ይህን እወድለታለሁ። ነገር ግን የጀርባው ዘንግ ጥርስ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ጭቃ ከያዘ በደንብ አይገጥምም። የእኛ አገር ክረምት ጭቃ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ልቤ ያለው ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ላይ ነው። ከ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅበት፣ ሲዞር ስለቱን የሚቆልፍ የብረት ቀለበት ቆሻሻ ቢይዝ በዓይን ይታያል፣ ማጽዳቱም ቀላል ነው። እጀታው ግን እንጨት ስለሆነ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላስከፍት ይላል። እንጨቱን ዘይት ማጠጣት ይበቃል? ቀለበቱንስ በእርጥብ ጓንት ማዞር ይቻላል? በሐምሌ ዝናብ የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ችግኙ ጊዜ አይሰጥም።