ፓምፗ ጠዋት ጠዋት ውሃ አትስብም፣ ለአሳ ገንዳ ነው፣ ምን ይሻላል?

ሚጡ ከአያት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጊቢ ውስጥ ገንዳ አስቆፍሮ በሲሚንቶ አስለስኖ ቆሮሶ አሳ እያረባ ነው፣ 3 በ 2 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 80 ሳንቲም ነው፣ ጫጩቶቹን ከሰበታ ነው ያመጣቸው። ውሃው ቆሞ እንዳይሸት ብሎ ለሮቶ የምንጠቀምባትን ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነቅሎ ለገንዳው አስገጠማት፣ ከገንዳው ስባ በጠጠር በርሜል አሳልፋ መልሳ እንድትደፋ ነው። ግን ጊቢያችን ተዳፋት ስለሆነ ፓምፗ ያለችው ላይኛው ስቶር ውስጥ ነው፣ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ትላለች፣ በቧንቧ ደሞ 12 ሜትር ትርቃለች። ስትሰራ ጠጠር የምትፈጭ ነው የሚመስለው። መብራት ለመቆጠብ ማታ እናጠፋታለን፣ ጠዋት ስናበራት ትጮሃለች እንጂ ውሃ የለም፣ ላይዋ ላይ ያለችውን ብሎን ፈተን በጆግ ውሃ ካልሞላናት አትነሳም። የገጠማት ልጅ "ይቺ ሞታለች፣ ባለ 1 ፈረስ ግዙ" አለን። ካርቶኗ ላይ እኮ 8 ሜትር ትስባለች ይላል፣ 2 ሜትር ምን ሆና ነው የምታቅታት?

ጋሽ ቧንቧ፦
ሚጡ ሰላም ነው፣ ፓምፗ አልሞተችም፣ ባለ 1 ፈረስ ብትገዙም ያው ነው የሚሆነው ብራችሁን አታውጡ። መጀመሪያ መስመሩን ስንት ቁጥር ቧንቧ ነው የዘረጋው? ፉት ቫልቭስ (መሳቢያው ጫፍ ላይ ሆኖ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው) አለው?

ሚጡ ከአያት፦
ባለ 25 ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው። ፉት ቫልቭ አለው ጫፉ ላይ፣ የነሐስ ነው። ደሞ በርሜሉ እየሞላ ሲፈስብን መውጫው ላይ ያለውን ቫልቭ ግማሽ ዘግተነዋል።

ጋሽ ቧንቧ፦
አገኘሁት። ካርቶኑ ላይ ያለው 8 ሜትር የባህር ዳርቻ ሂሳብ ነው (ባህር ዳርን አላልኩም 😀)። ፓምፕ ውሃን አይጎትትም፣ ውስጡ ያለውን አየር ቀንሶ ቦታ ይለቅለታል እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከገንዳው በላይ ያለው አየር ነው። ባህር ወለል ላይ ይሄ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ነው ሊገፋ የሚችለው፣ ከዚያ በላይ የፈለገው ፓምፕ ቢመጣ አይሆንም። እናንተ ያላችሁት 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ 8 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 8 ያለው እናንተ ጋ ሲመጣ 5 ተኩል ገደማ ነው።

እሺ 2 ሜትር ከ5 ተኩል ያንሳል ትይኝ ይሆናል። ቧንቧው ነዋ የበላችሁ። ፓምፗ በደንብ ስትሰራ በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ታወጣለች፣ ያን ያህል ውሃ በ25 ፒፒአር 12 ሜትር ሲሄድ በፍትጊያ ብቻ ወደ 5 ሜትር ይበላል፣ ክርኖቹን (መታጠፊያዎቹን) ሳልቆጥር። 2 እና 5 ደምሪው 7፣ አለቀ። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ግፊቱ በጣም ሲወርድ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ሲፈነዳ ነው ያ የጠጠር ድምፅ፣ ካቪቴሽን ይባላል፣ ቆይቶ ውስጧን ይቦረቡረዋል። ያንኑ መስመር በ40 ፒፒአር ብትዘረጉት ፍትጊያው ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሳቢያ ቧንቧ ሁሌም ከፓምፑ አፍ አንድ ቁጥር ወፍራም ነው መሆን ያለበት፣ ልጁ ግን ቀጭን አረገው፣ ቀጭን ቧንቧ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሰራው እኔን ያናድደኛል።

ጠዋት ባዶ መሆኗ ደሞ ሌላ በሽታ ነው። ወይ ፉት ቫልቩ ቅጠል ምናምን ይዞ አልገጥም ብሎ ውሃው ሌሊቱን ወደ ገንዳ ይመለሳል፣ ወይ አንዱ መጋጠሚያ አየር ያስገባል። መሳቢያ ላይ ያለ ቀዳዳ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚስበው፣ ስለዚህ በዓይን አይታይም። የጢም መላጫ አረፋ ገዝተሽ እየሰራች እያለ በየመጋጠሚያው ቀቢው፣ አረፋው ወደ ውስጥ የተሰረጎደበት ቦታ እሱ ነው፣ ፈትታችሁ ቴፍሎን ደግማችሁ ጠቅልሉ። መስመሩ ደሞ ከገንዳው ወደ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይሂድ፣ መሃል ላይ ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይተኛል።

ሀዋሳ ልጅ፦
ጋሼ ሁሉን ጨረሰው ግን እኔ አንድ ነገር ልበል፣ እባካችሁ ማታ አታጥፉ!! አሳ የሚሞተው ሌሊት ነው። ቀን አረንጓዴው አልጌ ኦክስጅን ያወጣል፣ ማታ ግን እሱም ራሱ ኦክስጅን ስለሚወስድ ሊነጋጋ ሲል ውሃው ውስጥ ያለቀ ነው፣ ጠዋት አሳዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ካያችኋቸው እሱ ነው ምክንያቱ። እናንተ ደሞ ከፍታ ላይ ናችሁ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። የግድ ማጥፋት ካለባችሁ ቀን ፀሐዩ ሲበረታ አጥፉ። መመለሻውንም ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ ከላይ ከፍ ብሎ እየተፈጠፈጠ ይውደቅ፣ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ብሬከር፦
እኔ ደሞ የምለው ያ መውጫው ላይ ግማሽ የዘጋችሁት ቫልቭ። ይቺ ትንሿ የሮቶ ፓምፕ (ፔሪፈራል የሚሏት) ከሌላው ተቃራኒ ነች፣ መውጫዋን በዘጋሽ ቁጥር ብዙ አምፔር ትስባለች ትግላለች፣ ቆይቶ ኮይሏ ይቃጠላል። ቫልቩን ሙሉ ክፈቱትና ትርፉን በቲ (ባለ ሶስት አፍ መጋጠሚያ) ከፍላችሁ ወደ ገንዳው መልሱት። ኤሌክትሪኩን ማን ነው የሰራው? ውሃ አጠገብ ስለሆነ በኤክስቴንሽን ዝም ብሎ መሰካት የለም፣ ኧርዝ መኖር አለበት፣ 30 ሚሊ አምፔር የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋ) አስገጥሙ። አባትሽ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ የሚከቱት ሶኬቱን ነቅለው ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ሚጡ ከአያት፦
ኤክስቴንሽን ነው 🙈 ዛሬውኑ ለአባዬ እነግረዋለሁ። ጋሼ እጅዎን ይባርከው። እና ስቶሩን ትተን ገንዳው አጠገብ ብናወርዳትስ? ክረምት ላይ ግን እዚያ ጎርፍ ይመጣል።

ጋሽ ቧንቧ፦
አዎ እሱ ነው ዋናው መፍትሄ፣ ፓምፕ የሚሻለው ውሃው አጠገብ ሆኖ ቢገፋ ነው፣ ወደ ላይ 20 ሜትርም ትገፋልሻለች። ከገንዳው ታችኛው ግድግዳ ውጪ ቦታ ካለና ከውሃው ልክ ዝቅ ብላ ብትቀመጥማ ራሱ ውሃው ይሞላታል፣ የጆጉ ነገር ያበቃል። ለጎርፉ በብሎኬትና በሲሚንቶ 30 ሳንቲም ያህል መቀመጫ ስሩላት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎን ጎኑ ግን ክፍት ይሁን፣ ሳጥን ሰርተው ጥርቅም አርገው የሚዘጉባት አሉ፣ ሞተሩ የሚበርደው በኋላዋ ባለው ማራገቢያ ነው አየር ካጣች ትቃጠላለች። በሁለቱም በኩል ዩኒየን (የሚፈታ መጋጠሚያ) ይኑራት፣ ለማጠብ ስትፈቱ ቧንቧ መቁረጥ እንዳይመጣባችሁ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ውጪ የሚቀመጥ የገንዳ ፓምፕ ከፊቱ ቅርጫት ያለው ማጣሪያ አለው፣ ክዳኑ እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ቅጠል ሲሞላና አየር ሲገባ ከውጪ ይታያል፣ የመዋኛ ገንዳ እቃ የሚሸጡ ቦታዎች ብትጠይቁ ይኖር ይሆናል። የናንተ ፓምፕ ውስጧ በጣም ጠባብ ስለሆነ አንድ አሸዋ ከገባ ይነክሳታል። እኛ በረዶ ሳይመጣ ውሃዋን አፍስሰን ቤት እናስገባታለን፣ ካልሆነ ቀፎዋ ይሰነጠቃል፣ እናንተ ከዚህ ተገላግላችኋል።

ሀዋሳ ልጅ፦
እኔ ግን ሌላ ሀሳብ፣ ለምን ውሃ ውስጥ የምትገባዋን ትንሽ ፓምፕ አይገዙም? የሮቶዋ ከመስመር ወደ 500 ዋት ትበላለች፣ 24 ሰዓት ስትሰራ በቀን 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ባለ 50 ዋቷ 1.2 ብቻ። ከፍ ወዳለ ቦታ አትገፋም እንጂ በርሜሉ ገንዳው አጠገብ ከሆነ ትበቃለች።

ጋሽ ቧንቧ፦
ልክ ነው፣ ገንዳው 4,800 ሊትር ነው፣ በ2 ሰዓት አንዴ ይዙር ካልን በደቂቃ 40 ሊትር ይበቃል፣ ለዛ ግማሽ ፈረስ ብዙ ነው። ግን ያለቻቸውን ይጠቀሙ፣ ቆጣሪው ሲያስለቅሳቸው ያኔ ይቀይሩ። የሮቶዋን ስታነሱ ደሞ አጥባችሁ አድርቃችሁ አስቀምጧት፣ ውሃ ይዛ ወር ከቆመች ውስጧን ዝገት ይይዛትና ስትበራ እም እም ትላለች እንጂ አትዞርም። እንዲህ ካለች ቶሎ አጥፍቶ፣ ሶኬት ነቅሎ፣ ኋላ የማራገቢያው ሽፋን መሃል ያለውን የሞተሩን ዘንግ ጫፍ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ማዞር ነው። በካቻቢቴ እየዞረች ስትበራ አሁንም እም ካለች ካፓሲተሯ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ነው።

ሚጡ ከአያት፦
አባዬ አንብቤለት "ይሄን ሰውዬ አምጪልኝ" አለ 😂 ቅዳሜ ልናወርዳት ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጫጩቶቹ በመሳቢያው አይገቡም?

ሀዋሳ ልጅ፦
ይገባሉ እንጂ! የፉት ቫልቩ ወንፊት ለትልቅ አሳ ነው። ትልቅ የፕላስቲክ ቅርጫት ገልብጣችሁ በላዩ አስቀምጡ፣ በወባ ትንኝ መከላከያ ሽቦ ጠቅልሉት፣ ሰፊ ሲሆን የመሳብ ኃይሉ በየቦታው ስለሚቀንስ አይለጠፉበትም። በሳምንት አንዴ በብሩሽ እጠቡት፣ አልጌ ከሸፈነው ፓምፗ ተመልሳ ጠጠር መፍጨቷን ትጀምራለች። ከታች መሬቱን አይንካ፣ አንድ 15 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ ጭቃውን እንዳይስብ።