ሚሺጋንን የገለበጠው የዲርቦርን ሙስሊም ነው ወይስ ሂሳቡ አይገጥምም?

ቆጣሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትላንት ያቋረጥነውን ልቀጥል። ጥያቄው «በቁጥር ትንሽ የሆነ የሃይማኖት ማህበረሰብ የአንድን ስቴት ምርጫ መወሰን ይችላል ወይ» ነበር፣ እኔ ይችላል ባይ ነኝ። ሚሺጋንን እዩ። በ2016 ትራምፕ እዛ ያሸነፈው በ10,704 ድምጽ ነው፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ስቴት እኮ ነው የምላችሁ። ከዛ በ2024 የካቲት ላይ በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት ምርጫ) በጋዛ ጉዳይ አንጀታቸው ያረረ ሰዎች ባይደንን ትታችሁ «ለማንም አልወሰንኩም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ ብለው ቀሰቀሱ፣ 10,000 ሰው እናገኛለን ብለው ነበር የተነሱት፣ ያቺን የ2016ቱን ልዩነት አስበው፣ ያገኙት ግን ከ100,000 በላይ ሆነ። ይሄ ጉልበት ካልሆነ ምንድነው?

ዝም_አልልም፦
ወንድሜ ቁጥሩን ትወዳለህ ግን እስከመጨረሻው አትቆጥረውም። አንደኛ ያ 100,000 ሁሉ ሙስሊም አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አለ፣ ጦርነት የመረረው ነጩም ጥቁሩም አለ። ሁለተኛ ወደ ህዳሩ ምርጫ እንምጣ። ትራምፕ ሚሺጋንን የወሰደው ወደ 80,000 በሚጠጋ ልዩነት ነው። ዲርቦርን፣ አረብና ሙስሊም በብዛት የሚኖርባት የሚሺጋን ከተማ፣ ህጻኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ወደ 110,000 ሰው ነው ያላት፣ ድምጽ የሰጠው ከዛ ግማሹንም አይሞላም። እዛ የመረጠው ሰው አንድ ሳይቀር ባይደንን ተክታ ለተወዳደረችው ለሃሪስ ቢሰጥ እንኳን 80 ሺው አይሸፈንም። ደግሞ ሚሺጋንን ብታገኝስ፣ ፔንሲልቫኒያና ዊስኮንሲንም ሄደውባታል። እና «ዲርቦርን ሃሪስን ጣለቻት» የሚለው ወሬ ካልኩሌተር ፊት አይቆምም።

ቆጣሪው፦
ዲርቦርን ብቻዋን አልኩ እንዴ? ግን በ2020 ለባይደን በሰፊው የሰጠች ከተማ በ2024 ትራምፕ ወደ 42፣ ሃሪስ 36፣ የአረንጓዴ ፓርቲዋ እጩ ጂል ስታይን 18 ፐርሰንት ሆኑባት። በ4 አመት ውስጥ እንዲህ የተገለበጠ ቦታ ስንት ታውቃለህ? ልዩነቱ በ2016ቱ ልክ ቢሆን ኖሮ እኮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

እህታችሁ፦
እኔን ከሁለታችሁም የሚያሳስበኝ «የሙስሊሙ ድምጽ» ስትሉ አንድ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። የሚሺጋን አረብ ሁሉ ሙስሊም አይደለም እኮ፣ ከኢራቅ የመጡት ከለዳውያን ካቶሊኮች ናቸው፣ ስተርሊንግ ሃይትስ አካባቢ በብዛት አሉ፣ ብዙዎቹም ከድሮም ወደ ሪፐብሊካን ያደላሉ። ሙስሊሙም ቢሆን ዲርቦርን ያለው የሊባኖስ ሺዓና ሃምትራምክ የምትባለው ሌላ የሚሺጋን ከተማ ያለው የየመንና የባንግላዴሽ ሱኒ የሚያስጨንቀው ነገር አንድ አይደለም። የሃምትራምክ ከንቲባ በ2024 ትራምፕን በግልጽ ደገፈ፣ የዲርቦርኑ ደግሞ ለአንዱም ድጋፍ አልሰጥም አለ፣ ሁለቱም ሙስሊም ናቸው፣ ሁለቱም የየራሳቸው ህዝብ አላቸው። ታዲያ የቱ ነው «የሙስሊሙ ድምጽ»? በዛ አመት ያቀራረባቸው ነገር ሀዘን ነው፣ ጋዛና ሊባኖስ ውስጥ ዘመድ የሞተበት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ የፈረሰ ሰፈር እያየ ነው ያንን ወረቀት የሞላው። ይሄን «ብሎክ»፣ እንደ አንድ ሰው የሚመርጥ ቡድን፣ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የዳር_ተመልካች፦
እህቴ ልክ ብለሻል። እኔ ደግሞ ከአሜሪካ ላውጣችሁ። ህንድ ኡታር ፕራዴሽን ውሰዱ፣ በ2011 ቆጠራ ሙስሊሙ 19.3 ፐርሰንት ነው፣ ከ5 ሰው አንዱ ማለት ነው። በ2014 ከስቴቱ 80 የፓርላማ ወንበር የሂንዱ ብሄርተኛው ፓርቲ ቢጄፒ 71ዱን ወሰደ፣ ከ80ው ውስጥ ስንት ሙስሊም ገባ? አንድም። ዜሮ። በየወረዳው ብዙ ድምጽ ያገኘ ብቻ ነው የሚገባው፣ የሙስሊሙ ድምጽ ለሳማጅዋዲ፣ ለቢኤስፒና ለኮንግረስ ለሚባሉት ሌሎች ፓርቲዎች ተበታተነ፣ ከማዶ ያለው ደግሞ ተሰባስቦ መጣ። በ2024 ሳማጅዋዲና ኮንግረስ አብረው ሲወርዱ ሳማጅዋዲ 37፣ ቢጄፒ 33 ሆኑ። የሙስሊሙ ድርሻ እንደሆነ ያው ነው። ዋናው ልዩነት ከሌሎች ጋር መሰለፉ ነው፣ በተለይ ሳማጅዋዲ ዝቅ ከተደረጉት የሂንዱ ካስቶች (በትውልድ የሚወረሱ የማህበረሰብ ደረጃዎች) ብዙ እጩ አቅርቦ ስለነበር። አናሳ ብቻውን አይገለብጥም፣ ከጎኑ የሚቆም ሲያገኝ ነው።

እንግሊዝም እንደዛው ነው። በ2024 ሌበር ፓርቲ 411 ወንበር አግኝቶ አገሩን ሲጠቀልል ሌስተር ሳውዝ በሚባል የምርጫ ወረዳ ላይ ግን የታወቀው የሌበር ፖለቲከኛ ጆናታን አሽዎርዝ ለአንድ የግል ተወዳዳሪ በ979 ድምጽ ተሸነፈ፣ እዛ ሙስሊሙ ብዙ ነው፣ ጥያቄውም ጋዛ ነበር። ወንበሯ ተወሰደች፣ መንግስቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እኔ ራሴ አናሳ በሆንንበት ነው ያደግኩት፣ ምርጫ ሲቃረብ ሽማግሌዎቻችንን ለመሳም የሚሰለፈውን እጩ አውቀዋለሁ፣ አባቴ አንዱን ካሸነፈ በኋላ 3 ጊዜ ደውሎለት አላነሳም። ስለዚህ «ወሳኝ ናችሁ» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ለማን ነው ወሳኝ የሆንነው ብዬ ነው።

ዝም_አልልም፦
እኔንም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ወሳኝ ናችሁ የሚባል ህዝብ ሽንፈት ሲመጣም ጥፋተኛ የሚባለው እሱ ነው። ከህዳር በኋላ ሶሻል ሚዲያ ላይ የዲርቦርንን ሰው «ይበላችሁ» ሲሉት የነበሩትን አስታውሱ፣ ሃሪስ በሌላው ስቴት ሁሉ ያጣችውን ማንም አልቆጠረም፣ ጣት የተቀሰረው አንዲት ከተማ ላይ ነው።

ቆጣሪው፦
ይሄን እቀበላለሁ፣ ከልቤ። «ይወስናል» ያልኩትን ልመልሰውና እንዲህ ልበል፦ ልዩነቱ ሲጠብ፣ ሰዉ አንድ ቦታ ተሰባስቦ ሲኖርና አንድ ነገር አብሮ ሲያመው ትንሽ ቁጥርም ያንቀጠቅጣል። ግን ፓርቲዎቹ ሀዘኑን በጊዜ ሰምተው ቢሆን ኖሮስ? ያ 100,000 የካቲት ላይ ነው የተናገረው፣ ምርጫው ህዳር ላይ ነው፣ 8 ወር ነበራቸው።

እህታችሁ፦
8 ወር ሙሉ መልስ ሲጠብቁ ነበር እኮ። በነሀሴው የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ አንድ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ መድረክ ላይ ለደቂቃዎች ይናገር ብለው ለመኑ፣ እሱንም ተከለከሉ።