የድሮ ሳንቲም ላይ ያለ ስህተት የፋብሪካ ይሁን በኋላ የደረሰ ጉዳት በምን ትለያላችሁ?

የቆርቆሮ_ሳጥን
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ካረፈ በኋላ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ የድሮ ሳንቲም ደርሶኝ ይኸው ሁለት ሳምንት ማታ ማታ እሱን ሳገላብጥ ነው የማመሸው፣ የብዙ አገር ነው። ሦስቱ ግን ግራ አጋቡኝ። አንደኛው ጠርዙ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ጎድሏል፣ ብስኩት ተገምጦ እንደቀረ ነገር። ሁለተኛው ዓመተ ምህረቱ ድርብ ሆኖ ነው የሚታየው። ሦስተኛው ደግሞ የሰውዬው ጉንጭ ላይ የግራ ቀኝ የተገለበጡ ፊደሎች ወደ ውስጥ ገብተው አሉ፣ በመስታወት ሳየው ይነበባል! ቪዲዮዎቹ ሁሉንም ኤረር ነው ውድ ነው ይላሉ፣ እኔ ልሸጠው አይደለም፣ የአጎቴ ስለሆነ እውነቱን ማወቅ ነው የምፈልገው። በምን ይለያል?

ሉፕ_በኪሴ
ነፍስ ይማር ወንድሜ። እኔ ሁሌም መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ማሽኑ ሊያደርገው ይችላል ወይ ብዬ ነው። ሳንቲም ማለት ከቆርቆሮ ክብ ተቆርጦ ይወጣል፣ ያ ባዶ ክብ በሁለት ዳይ፣ ማለትም ምስሉ በተቀረጸባቸው መምቻ ብረቶች፣ መሃል ይገባል፣ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘውና ይመታል፣ አለቀ። ስለዚህ ስህተቱ ወይ ከባዶው ክብ ነው ወይ ከዳዩ ነው ወይ ከአመታቱ ነው፣ ከነዚህ በአንዱ ማስረዳት ካልቻልክ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሰው ወይ ጊዜ የሠራው ነው።

የተገመጠው የሚያጓጓ ነው። ቆራጩ ቀድሞ የተቆረጠበት ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ሲያርፍ ክቡ እንደዛ ጎድሎ ይወጣል፣ እውነተኛ ስህተት ነው። ግን በሞረድም ይሠራል። እንዲህ አድርግ፣ ከጉድለቱ ትክክል ፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ እይ። ክቡ ከመመታቱ በፊት ጠርዙ ተጨምቆ ከፍ እንዲል ይደረጋል፣ በአንድ በኩል ብረት ከሌለ የሚገፋው ስለሌለ በተቃራኒው በኩልም ጠርዙ ሳስቶ ወይ ጠፍቶ ይቀራል። ሁሌም አይታይም፣ ከታየ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ሌላው ደግሞ ጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ናቸው፣ እውነተኛው ላይ ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ስለሚፈስ ሳብ ብለው እየሳሱ ይሄዳሉ፣ በኋላ የተቆረጠው ላይ ግን ፊደሉ በቢላ እንደተቆረጠ ድርቅ ብሎ ያቆማል።

ድርቡ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በፈረንጆች 1955 የተመታው የአሜሪካ አንድ ሴንት ታዋቂ ነው፣ እዛ ላይ ድርብ የሆነው ዳዩ ራሱ ነው፣ ያኔ ዳይ ሲሠራ ምስሉ ከእናት ማህተሙ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጭኖ ነበር የሚያዘው፣ ሁለተኛው ጭነት ትንሽ ዞር ሲል ድርብ ሆኖ ቀረ። እንደዚህ ያለው ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ሙሉ ክብ ያለ አካል አላቸው፣ ጫፋቸው ላይ ስንጥቅ የመሰለ ክፍተት ታያለህ። አብዛኛው ጊዜ የሚገኘው ግን ዳዩ ላላ ብሎ ሲመታ ሸርተት ብሎ የቁጥሩን ጎን የጨፈለቀው ነው፣ እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ ይታያል፣ ቁጥሩም ከጤነኛው ይቀጥናል። እሱ ብዙም ዋጋ አይሰጠውም። የትኛው ነው ያንተ?

ቶርኖ_ቤት
እኔ ሥራዬ ብረት ነው ስለ ሦስተኛው ልበል። እሱ የሞርሳ፣ ማለትም ዕቃ ጨምቆ የሚይዘው መሣሪያ፣ ሥራ ነው። ሁለት ሳንቲም አነባብረህ ሞርሳ ውስጥ ብታጠብቅ የአንዱ ፊደል ሌላው ላይ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ማስረጃው የሰውዬው ፊት አሁንም እዛው መኖሩ ነው። የፋብሪካው የሚመጣው የተመታ ሳንቲም ዳዩ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው፣ የሚቀጥለው ክብ በዳዩ ፋንታ በሱ ይመታል፣ ያኔ አንዱ ፊት ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ምስል ይሆናል፣ ሌላው ፊት ደግሞ ደህና ይሆናል። ያንተን ገልብጠህ ከጀርባው እየው፣ ከፍ ያለው ቦታ ተደፍጥጦ ካገኘኸው የሞርሳው ጥርስ ወይ ጠረጴዛ ነው።
በሁለቱም ፊት የሰው ራስ ያለው ሳንቲምም እንደዛው የሰው ሥራ ነው፣ አንዱ በቶርኖ ይቦረቦርና ሌላው ውስጡ ይገባል፣ ከጠርዙ በውስጥ በኩል ዙሪያውን ቀጭን መስመር አለ በደንብ ከታየ።

ግራም_በግራም
ሚዛን ሳትይዙ አትፍረዱ እባካችሁ። በፈረንጆች የ1943ቱ የአሜሪካ ሴንት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ዚንክ ከተቀባ ብረት ነው የተሠራው፣ 2.7 ግራም ገደማ፣ በስህተት በመዳብ ቅይጥ የተመቱት ግን 3.11 ገደማ ናቸው። ሰው ብረቱን መዳብ ይቀባውና ይሸጣል፣ ማግኔት ስታስጠጋው ግን ይያዛል። ሳስቶ ፊደሉ የደበዘዘ ሳንቲምም ካለህ መዝነው፣ አሲድ የበላው ከሆነ ክብደቱም ስፋቱም ይቀንሳል። ደግሞ መስመር ካየህ ብርሃን በጎን አብራበት፣ ዳይ ተሰንጥቆ ከሆነ መስመሩ ወደ ላይ የወጣ ነው፣ ጭረት ግን ወደ ታች ነው። ምንም እንዳታጥባቸው አደራ፣ ከታጠበ በኋላ የመጀመሪያውን ገጽታ መመለስ የለም።

የቆርቆሮ_ሳጥን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን በማጉያ መነጽር አየኋቸው። ድርቡ ቁጥር ደረጃ የመሰለው ነው፣ ጠፍጣፋ። የተገለበጠው ፊደል ያለበት ደግሞ ጀርባው ተደፍጥጧል፣ ቶርኖ ቤት ልክ ነህ፣ አጎቴም መካኒክ ስለነበር ሞርሳው እስካሁን አለ፣ ይሄን ሳውቅ ሳንቲሙን ከሁሉም በላይ ወደድኩት። የተገመጠው ግን ከጉድለቱ ፊት ለፊት ጠርዙ እንደ ጥፍር ስፋት ያህል ሳስቶ ጠፍቷል፣ አጠገቡ ያሉት ሁለት ፊደሎችም ሳብ ብለዋል። ነገ ሚዛን እዋሳለሁ፣ ተመሳሳይ ጤነኛ ሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ ስላለ ሁለቱንም መዝኜ ቁጥሩን እጽፍላችኋለሁ።