የ2018 ድጋፍ ዕቅድ፦ የአራቱ ልጆች ክፍያ (ረቂቅ 3)

ጸሐፊ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ረቂቅ ይኸው። ከመስከረም ጀምሮ በሴቶች ትምህርት ቤታችን አራት ልጆች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እናስተምራለን። ክፍያ፣ መጽሐፍና ሰርቪስ በእኛ። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ የክፍያ ጭማሪው ሲነገር አንዲት እናት በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች ስትወጣ አይቻለሁ። ግማሹን ከካዝና፣ ግማሹን ሰኔ 14 በቀድሞ ተማሪዎች ቀን የትምህርት ቤቱን ሰማያዊ ሹራብ ሸጠን እንሞላለን። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ፣ ቅዳሜ ለዳይሬክተሯ አስገባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለን 212 ሺህ ብር ነው። 60 ሺው የሽንት ቤቱ ጥገና ነው፣ አይነካም። አምና ቃል ገብታችሁ ያላስገባችሁ ባቾች ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የ75 ባች፦ ሰማያዊ ያለው ማነው? የኛ ሹራብ ጥቁር አረንጓዴ ነው።

የ91 ባች፦ ሰማያዊ ነው እትዬ። አራት ዓመት ለብሼዋለሁ።

የ75 ባች፦ ያንቺ ጊዜ ተቀይሮ ይሆናል፣ ልጄ። እኛ ስናልፍ ሰፈሩ «አረንጓዴዎቹ መጡ» ይል ነበር።

የ83 ባች፦ እኔም አረንጓዴ ነው የማውቀው።

የ96 ባች፦ በኛ ጊዜ ሰማያዊ ነው። ፎቶ አለኝ። ለማንኛውም ማክሰኞ መርካቶ ሄጄ የሁለቱንም ዋጋ አመጣለሁ።

መምህርት (የ94 ባች)፦ እባካችሁ ስለ ልጆቹ እናውራ። እዚያ የማስተምረው እኔ ነኝ። ከ2014 ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ ነው የሚወሰደው። የኛ ልጆች ማታ እናታቸው ጋ የሚገቡ ናቸው። ብዙዎቹ ከቤት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድሩት ለዚያ ፈተና ነው። በ2014 በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2016 ደግሞ 5.4። አሁን በኮምፒውተር መፈተንም ተጀምሯል። እኛ ጋ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል፤ አንዷ ማውሱን ትይዛለች፣ ሁለቱ ያያሉ። ክፍያው ላይ ይህም ይጨመር። የሹራቡ ነገር ይብቃ።

የ75 ባች፦ «ይብቃ» የምትይው ለማን ነው? ይህ ማኅበር ሲቋቋም ወንበር ተሸክሜያለሁ። ገንዘብ ሲፈለግ እትዬ፣ ስንናገር ይብቃ!

መምህርት፦ እርስዎን ማለቴ አይደለም።

የ75 ባች፦ እኔን ነው።

የ88 ባች፣ ሜሪላንድ፦ ባቻችን 3 ሺህ ዶላር ያዋጣው ለልጆች ክፍያ ነው። ለሹራብም ለኮምፒውተርም ከሆነ ለየሰዉ እመልሳለሁ። ለምን እንደምናዋጣ ልንገራችሁ። እዚያ ግቢ ባንዲራ የምትሰቅለው ሴት፣ የክበብ ሊቀመንበሯ ሴት፣ ላብራቶሪ ውስጥ እሳቱን የምታቀጣጥለው ሴት ነበረች። ሌላ ማን አለና! ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዕቃውን ወንዶቹ ይዘው እኔን «አንቺ ጻፊ» አሉኝ። እስክሪብቶውን መልሼ ሰጠኋቸው። ይህንን የሰጠኝ ያ ግቢ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ዶላሩ እስካሁን አልገባም።

የ88 ባች፣ ሜሪላንድ፦ ረቂቁ ሲጸድቅ ይገባል።

የ83 ባች፦ ግን እኮ የተለያየ ቀለም ከሸጥን እንደ ሁለት ትምህርት ቤት ነው የምንታየው።

ጸሐፊ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። 23 መልስ መጥቷል፣ 17ቱ ስለ ቀለም ነው። የ96 ባች፣ ዋጋው የታለ?

የ91 ባች፦ አንድ ነገር ልናገር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ በሰው ክፍያ ነው የተማርኩት። ክፍያው ተሟልቶ ሹራብ የሚገዛ ጠፋ። እናቴ የአጎቴን ሹራብ ተርትራ በሁለት ሳምንት ሠራችልኝ። ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ተቆጣጣሪዋ በየቀኑ ከመስመር ታወጣኝ ነበር። «ይሄ የማን ነው?» ትለኛለች። እኔ ዝም። ስለዚህ ክፍያ ስትሉ ሹራቡንም ጻፉበት። የሌሎቹ ዓይነት፣ ከዚያው ሱቅ፣ ምንም ምልክት የሌለበት።

የ75 ባች፦ ልጄ፣ አላወቅሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ። የመምህርቷም ይቅር። የኔ ሹራብ ሳጥን ውስጥ አለ፣ አሁን አውጥቼ አየሁት። ላዩ ፀሐይ በልቶት ወደ ሰማያዊ ሄዷል። እጅጌው የታጠፈበትን ስገልጠው ግን አረንጓዴ ነው።

የ83 ባች፦ እንዲህ ከሆነ ለአራት ልጅ ብቻ ለምን? አራቱ ብቻ ከሰጠናቸው መታወቃቸው አይቀርም። መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ለሚገቡት ሁሉ እናሠራ። አርባ ቢሆኑ ነው።

የ79 ባች፦ እደግፋለሁ። እናቶችም ይቀላቸዋል።

የ91 ባች፦ እኔ ያልኩት ለአራቱ ነበር።

የ75 ባች፦ ለሁሉም ይሁን። የአሥሩን እኔ እችላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አርባ ሹራብ ከካዝና ከወጣ አራት ልጅ አይቻልም። ሁለት።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4፦ አርባ ሹራብ ለአዲስ ገቢዎች፣ የሁለት ልጆች ክፍያ። ኮምፒውተሩ ለጥቅምት ስብሰባ። ሹራብ መሸጡ ቀርቷል። የ96 ባች ስልክ ስለማታነሳ ዋጋ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ቅዳሜ ማስገባት አልችልም፣ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ተዛውሯል።

የ88 ባች፣ ሜሪላንድ፦ ሁለት ልጅ ከሆነ ባቼን እንደገና ልጠይቅ።

የ75 ባች፦ መርካቶ እኔ እሄዳለሁ። ሹራቤን ለናሙና እይዛለሁ፣ ክሩን ከእጅጌው ውስጥ ያዩታል።

መምህርት፦ የአራቱን ልጆች ስም እኔ ነኝ የያዝኩት። ሁለቱ እናቶች ትናንት ጠይቀውኛል። የትኞቹን ሁለት ልሰርዝ?

ጸሐፊ፦ ለጊዜው ማንንም አትሰርዢ።

መምህርት፦ ሰኞ ምዝገባ ይጀመራል።