የጋራ ፕሮፖዛሉ የጉልበት ስሌት፦ የሰው ቀን በምን ይያዝ?

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ላይ «ቁፋሮ፣ 4 ሠራተኛ፣ 3 ቀን» ብቻ ተብሏል። የሥራው መጠንም የቀኑ ሰዓትም ስለሌለበት ገምጋሚ ምንም ሊያጣራ አይችልም። 1 የሰው ቀን ማለት አንድ ሰው 8 ሰዓት የሠራው ሥራ ነው ተብሎ ይጻፍ። የምሳ እረፍት አይቆጠርም፤ ግማሽ ቀን ለሠራ 0.5 ይያዛል።

ግንባታ ክፍል፦ እስማማለሁ፤ ግን ስሌቱ ከሥራው መጠን ይነሣ። ቦዩ 40 ሜትር ርዝመት፣ 0.6 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ስላለው 24 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ይቆፍራል ብለን ከያዝን 12 የሰው ቀን ነው። 4 ሰው በ3 ቀን ወይም 6 ሰው በ2 ቀን ቢሠራው ለውጥ የለውም። 24 ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል ማለት ግን አይቻልም። ለአንዱ የሚደርሰው 1.7 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚያ ውስጥ ዶማ ማንሣት አደጋ ነው። ሥራ ማስረዳትና መሣሪያ ማደል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ከ4 ሰው 2 የሰው ሰዓት፣ ከ24 ሰው ግን 12 የሰው ሰዓት ይበላል። «ከፍተኛ የሰው ብዛት» የሚል ዓምድ ይጨመርልን።

ሒሳብ ክፍል፦ ግንበኛና ረዳት በአንድ ድምር አይግቡ፣ ክፍያቸው ይለያያል። አባላት በነፃ የሚሰጡት ጉልበትም በዚሁ መለኪያ፣ ግን በራሱ መስመር ይመዝገብ። ሌላው፣ ኮንክሪቱን ውኃ ማጠጣት 7 ቀን ስለሚወስድ 7 የሰው ቀን ተብሎ ተደምሯል። በቀን 1 ሰዓት ከሆነ 7 የሰው ሰዓት ነው፤ አንድ የሰው ቀን አይሞላም። 7ቱ ቀን የሚገባው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ነው።

አስተባባሪ፦ ልክ ነው፣ ይታረማል። 2 ሜትር ኩቡስ ለጠንካራ አፈር ይሠራል?

ግንባታ ክፍል፦ አይሠራም፣ ለመካከለኛ አፈር የተያዘ ነው። በመጀመሪያው ቀን 4 ሰው 6 ሜትር ኩብ ብቻ ካወጣ ኖርሙ፣ ማለትም አንድ ሰው በቀን ይቆፍራል ተብሎ የሚያዘው መጠን፣ 1.5 ሜትር ኩብ ሆነ ማለት ነው። የቀረው 18 ሜትር ኩብ 12 የሰው ቀን ይፈልጋል፤ በዕቅዱ የቀረን ግን 8 ነው። ይህን በጊዜ ለማወቅ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መመዝገብ አይበቃም፤ የተቆፈረው በየማታው በሜትር ተለክቶ ይጻፍ።

ሒሳብ ክፍል፦ መጠባበቂያውን 10 በመቶ ብናደርገው ለቁፋሮው 1.2 የሰው ቀን ነው፤ የ4ቱን የሰው ቀን ጉድለት አይሸፍንም።

ግንባታ ክፍል፦ እንግዲያው ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት ቦታው ላይ ከቦዩ 1 ሜትር ርዝመት ይቆፈር። 0.6 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሰው ከ2.4 ሰዓት በላይ ከፈጀበት ኖርሙን ዝቅ አድርገን እናስገባለን።