የሳምንቱ ክርክር፦ ልጆች ይዘን መካነ እንስሳት እንግባ ወይስ እንለፈው?

ሜሮን (አስተባባሪ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የልጆች ትምህርት ሊዘጋ ነው። ብዙዎቻችን ወደ አንዱ የአውሮፓ ከተማ ብቅ ማለታችን አይቀርም። ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ገና ሻንጣ ሳይፈታ "ዙ እንሂድ፣ ዓሣ እንይ" ይባላል። ባለፈው ሳምንት ሳሮን "የታሰረ እንስሳ ለማየት ገንዘብ መክፈል ልክ አይደለም" ብላ ጻፈችና ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ በደንብ እንከራከርበት። ሐሳቡን እንጂ ሰውን አንንካ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጓቸው።

ብሩክ (ቪየና)፦
እኔ እንግባ ባይ ነኝ። እዚህ ያለው ሾንብሩን በ1752 የተመሠረተ ነው፤ ዛሬም ክፍት ሆነው ከሚሠሩት የዓለም መካነ እንስሳት ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። ያኔ የቤተ መንግሥት መዝናኛ ነበር። የዛሬው ሥራ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓን ጎሽ ውሰዱ። በ1927 የመጨረሻው የዱር ጎሽ ተገደለ። በዱር አንድም አልቀረም። ዘሩ የተረፈው በመካነ እንስሳትና በግል ግቢዎች የነበሩ ጥቂቶች ስለነበሩ ነው። ዛሬ ያሉት ሁሉ ከ12 እንስሳት የተገኙ ናቸው። በ1952 በፖላንድ ቢያሎቪዬዣ ጫካ መለቀቅ ጀመሩ፤ አሁን በዱር በሺዎች ይቆጠራሉ።

የሞንጎሊያው የዱር ፈረስም እንዲሁ ነው። በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነበር። የዓለሙን የዘር መዝገብ የሚይዘው የፕራግ መካነ እንስሳት ነው። ከ2011 ጀምሮ ፈረሶቹን በቼክ ጦር አውሮፕላን እየጫነ ወደ ሞንጎሊያ ወስዷል። ይህ ሁሉ ያለ ጎብኚ ገንዘብ አይሆንም ነበር።

ሳሮን (ሙኒክ)፦
ብሩክዬ፣ የጎሹንና የፈረሱን ታሪክ አልክድም። ግን ሁልጊዜ የሚነሱት እነዚሁ ናቸው። አብዛኛው እንስሳ ወደ የትም አይመለስም። እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው ይሞታል።

ደግሞ አሟሟቱንም እንይ። በሐምሌ 2025 የኑረምበርግ መካነ እንስሳት 12 ጤነኛ የጊኒ ዝንጀሮዎች ገደለ። ምክንያቱ ቦታ መጥበቡ ነው። ግቢው የተሠራው ለ25 ያህል ነበር፤ እነሱ ከ40 አለፉ። በ2014 ኮፐንሃገን ማሪየስ የተባለ ጤነኛ ወጣት ቀጭኔ ተገደለ። ሌሎች ቦታዎች እንውሰደው ብለው ነበር። ልጆች ባሉበት ተቆራርጦ ሥጋው ለአንበሶች ተሰጠ። እኔ ልጄን ይዤ ገብቼ "እነዚህን እንስሳት የሚንከባከቧቸው ሰዎች ናቸው" ብዬ ላስረዳት እንዴት እችላለሁ? የተወለዱት በሰው ፈቃድ ነው። ቦታ ሲጠብ ዕዳው የእነሱ ሆነ።

ብሩክ (ቪየና)፦
ሳሮን፣ ማሪየስን የገደሉት ጨክነው አይደለም። ቀጭኔዎቹን በጋራ የሚያራቡት የአውሮፓ ተቋማት ናቸው፤ የእሱ ዓይነት ዘር ደግሞ በዝቷል። እሱ ከተዋለደ የቅርብ ዘመዶች ይዳቀላሉ፣ ዘሩ ይዳከማል። መውለድ ይቁም ብትዪ ደግሞ መንጋው ያረጅና ያልቃል። ብዙዎቹ ይህን በዝግ በር ጀርባ ያደርጉታል። ኮፐንሃገን በአደባባይ አደረገው። እኔ ግልጽነቱን እመርጣለሁ።

ሳሮን (ሙኒክ)፦
ግልጽ መሆኑ ልክ አያደርገውም፣ ወንድሜ።

ጋሽ ግርማ (ሃምቡርግ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ከታሪኩ ልጀምር። እዚህ ሃምቡርግ ያለው የሃገንቤክ ግቢ በ1907 ሲከፈት አጥሩን በጉድጓድ ተክቶ በዓለም ስም ያወጣ ነው። ዛሬ ብረት የሌለበት ግቢ ስታዩ መነሻው እሱ ነው። ግን ግቢውን የከፈተው ካርል ሃገንቤክ ራሱ ከዚያ በፊት በ1870ዎቹ ሰው ያሳይ ነበር። መጀመሪያ ከሰሜን አውሮፓ የሳሚ ቤተሰቦችን፣ ቀጥሎም ከሱዳን ኑቢያውያንን። እንስሳቱን ከሚያስገዛባቸው ቦታዎች አንዱ ከሰላ ነበረች። ከሰላ ማለት በምሥራቅ ሱዳን፣ ከእኛ ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1958 በብራስልስ ኤግዚቢሽን የኮንጎ ሰዎች "መንደር" ተሠርቶ በአጥር ታይተዋል።

ሰውና እንስሳ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያኔም "ትምህርት ነው፣ ሕዝብ ዓለምን ይወቅ" ይባል ነበር። ስለዚህ ዛሬ "ለትምህርት ነው" ሲባል ዝም ብዬ አልቀበልም። ልጁ ምን ተማረ? ሰሌዳውን ያነበበው ማን ነው? ይህን ነው የምጠይቀው።

እታለም (ዙሪክ)፦
ጋሽ ግርማ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእኔ ልጆች ተምረዋል። እዚህ የተወለዱ ናቸው፤ ሰሜን ተራራን አያውቁትም። የዙሪክ መካነ እንስሳት በሰሜን ተራራ ስም የሰየመው ትልቅ ግቢ አለው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከኑቢያ አይቤክስ፣ ማለትም ከአንድ ዓይነት የዱር ፍየል ጋር አብረው ናቸው። ተቀምጠው ሣር እየነጩ ሲበሉ ልጆቹ ቆመው ያያሉ። "እነዚህ የእኛ አገር ናቸው" ይላሉ፤ ከዚያ የጥያቄ መዓት ይመጣል። ደባርቅ የት ነው? ሰው እዚያ ይኖራል ወይ? ጭላዳ ገብስ ይበላል ወይ? ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁሉም ሰው ቲኬት ቆርጦ ጎንደር ድረስ ሊሄድ አይችልም።

ሳሮን (ሙኒክ)፦
እቱ፣ የልጆችሽ ነገር ደስ ይላል፤ እውነቴን ነው። ግን ቀይ ቀበሮን አስቢ። በዓለም ላይ በየትኛውም መካነ እንስሳት አንድም ቀይ ቀበሮ የለም። አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። እስካሁን ያቆያቸው በባሌና በሰሜን የሚጠብቋቸው የአገራችን ሰዎች ሥራ ነው። የአካባቢውን ውሾች ከእብድ ውሻ በሽታ ይከትባሉ። ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ለእነሱ የሚሰጥ ገንዘብ በቀጥታ እዚያው ተራራ ላይ ይሠራል። እኔ ቲኬት የምገዛበትን እዚያ ባደርገው እመርጣለሁ።

ዮናስ (ሊዝበን)፦
ስለ አኳሪየም ማንም ስላላነሳ እኔ ልግባ። ሁሉን በአንድ ቅርጫት አትክተቱት። የዶልፊን ትርዒት ካለበት አትግቡ፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። እንግሊዝ ውስጥ ከ1993 ወዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ የተያዘ ዶልፊን የለም። ፈረንሳይ በ2021 ባወጣችው ሕግ የዶልፊንና የኦርካ (ጥቁርና ነጭ ትልቅ የባሕር አዳኝ) ትርዒት ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ ይከለከላል። እዚያው ፈረንሳይ አንቲብ የነበረው የትርዒት ቦታ ማሪንላንድ በጥር 2025 ተዘጋ። ግን እናትና ልጅ ኦርካዎቹ የሚሄዱበት ጠፍቶ እዚያው ቀሩ። ሕግ ማውጣቱ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባርሴሎናም በ2020 የመጨረሻዎቹን ዶልፊኖች ስታስወጣ የሄዱት ወደ አቴንስ፣ ወደ ሌላ መካነ እንስሳት ነው።

በርሊን ደግሞ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነበር። በታኅሣሥ 2022 ማለዳ ላይ ፈነዳ። 1,500 ገደማ ዓሦች ነበሩበት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ዓሣ ለአዳራሽ ጌጥ ሲሆን መጨረሻው ይህ ነው።

በሌላ በኩል እዚህ ሊዝበን ያለው ኦሴናሪዮ የተባለው አኳሪየም በ1998 የተከፈተ ነው። ዋናው ገንዳ አምስት ሚሊዮን ሊትር ይይዛል። ዶልፊንም ትርዒትም የለም። በ2024 ደግሞ የስፔኑ የቫሌንሲያ አኳሪየም ኦሴያኖግራፊክ ከዩክሬኗ ካርኪቭ፣ ከጦርነቱ መሃል፣ ሁለት ነጭ ዓሣ ነባሪዎችን ተቀበለ። እንዲህ ያለ ቦታ ባይኖር የት ይገቡ ነበር? ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዓሦቹ ከየት መጡ? የባሕር ዓሣ በገንዳ ውስጥ ማራባት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙው አሁንም ከባሕር ይያዛል።

ሳሮን (ሙኒክ)፦
ዮናስ ያልከው ገብቶኛል። እኔ ግን ዝሆንንና ነጭ ድብን መርሳት አልችልም። አንድ ትንሽ መካነ እንስሳት ውስጥ ድቡ በግድግዳው ጥግ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አይቻለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ጠፍቶበት ነው?" አለችኝ። በ2003 የወጣ ጥናት በሰፊ ግዛት የሚኖሩ አዳኞች ሲታጎሩ ይበልጥ እንደሚጎዱ አሳይቷል፤ ነጭ ድብ ከባሰባቸው አንዱ ነው። በ2008 ሌላ ጥናት ወጣ። በአውሮፓ መካነ እንስሳት የሚወለዱ የአፍሪካ ሴት ዝሆኖች ግማሾቹ 17 ዓመት ሳይሞሉ ይሞታሉ። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ግን ሰው ካልገደላቸው ግማሾቹ 56 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይኖራሉ።

ብሩክ (ቪየና)፦
በዝሆኑ እስማማለሁ። ለንደን መካነ እንስሳትም ዝሆኖቹን በ2001 ከከተማ አውጥቶ ሰፊ ቦታ ወዳለው ዊፕስኔድ አዛውሯል። ቦታ የሌለው ይተዋቸው። ግን ከዝሆን ተነስተን ሁሉም ይዘጋ አንበል። የሚቀጥለው ጎሽ ማን እንደሚሆን አናውቅም።

ሳሮን (ሙኒክ)፦
እንግዲያው ወደ ጎሹ ራሱ ሂድ። ዋርሶ ከሄድክ ቢያሎቪዬዣ ልጆችህን ውሰድ። ጫካ ይዩ። ጎሹ ከወጣ ወጣ፣ ካልወጣም ጫካውን አይተዋል።

ብሩክ (ቪየና)፦
እዚያም እኮ ለጎብኚ በአጥር የተያዙ ጎሾች አሉ። አብዛኛው ቤተሰብ አይቶ የሚመለሰው እነሱን ነው።

ሳሮን (ሙኒክ)፦
አውቃለሁ። ልዩነቱ ከአጥሩ ማዶ የሚገቡበት ጫካ መኖሩ ነው። ቲኬት የሚሸጥልኝ ሁሉ "የእናንተ እንስሳት ከዚህ ወዴት ይሄዳሉ?" ስለው መልስ ካለው እገባለሁ። ከሌለው አልገባም፤ ልጄም ታለቅስ።

እታለም (ዙሪክ)፦
እኔ ደግሞ የልጆቼን ጥያቄ ይዤ እቀጥላለሁ። ግን ሳሮን፣ ለቀይ ቀበሮዎቹ እንዴት እንደሚላክ ጻፊልን። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል።