ትልልቆቹ ሎብስተሮች የት ነው የሚሄዱት?

ሚሚ_ሜይን፦
ሰላም ለሁላችሁም። ያለሁት ሜይን፣ ፖርትላንድ ነው። ወደቡ ላይ ሎብስተር (ያ ባለ ትልልቅ መቆንጠጫ የባህር እንስሳ) ከጀልባ ተረክቦ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ በክብደት መለየት ነው። ባለ አንድ ፓውንዱን፣ ፓውንድ ከሩቡን፣ ፓውንድ ተኩሉን ለየብቻ ሳጥን ውስጥ መደርደር። (እኔ አልቀምሰውም። እናቴ ደግሞ ስልክ ላይ ስሙን በሰማች ቁጥር «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን!» እያለች ታማትባለች። የምልክላትን ግን አልጠላችውም።)

ሎብስተር ዕድሜው በገፋ ቁጥር ያድጋል ይባላል። ታዲያ ከጀልባዎቹ የምንረከበው ውስጥ ግዙፍ የሚባል አይቼ አላውቅም። ማን ነው የሚወስደው? ደግሞ ካፒቴኖቹ «ጌጁ ተሰረዘ» እያሉ ሲደሰቱ እሰማለሁ። እሱስ ምንድነው?

አቤል_ዲሲ፦
ትልቁን ሀብታም ይበላዋላ! ይሄም ይጠየቃል?

ስተርንማኑ፦
አቤል፣ አልሆነም። ሚሚዬ፣ እኔ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ካፒቴኑ ይነዳል፣ እኔ ከኋላው ሆኜ ወጥመዱን አራግፋለሁ፣ ለማባበያ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ እሞላለሁ፣ እለካለሁ። የሄሪንጉ ሽታ ከልብስ አይለቅም። ባለቤቴ ቱታዬን ቤት አታስገባውም።

ትልቁ ወደ ባህር ነው የሚመለሰው። የናስ መለኪያ አለን፣ ጌጅ የሚሉት እሱን ነው። ከዓይኑ ጉድጓድ እስከ ጀርባው ቅርፊት መጨረሻ ይለካል። ከ3¼ ኢንች ካነሰ ይለቀቃል፣ ከ5 ኢንች ከበለጠም ይለቀቃል። ምክንያቱ እንቁላል ነው። አንድ ፓውንድ የምትመዝን ሴት 8,000 ገደማ እንቁላል ትይዛለች። ዘጠኝ ፓውንድ የምትመዝነዋ ከ100,000 በላይ። ያቺን መሸጥ ለዘር ያስቀመጡትን እህል መፍጨት ነው።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ነው። እንቁላሏን ሆዷ ሥር የተሸከመች ስትመጣ፣ ከመመለሷ በፊት የጅራቷ መቅዘፊያ ላይ በቪ ቅርጽ ትንሽ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ እንቁላል ባይኖራትም፣ የያዛት ሁሉ ምልክቱን አይቶ ይለቃታል። አጠገባችን ፖሊስ የለም። ዋጋ ሰማይ በነካበት ሰሞን እንኳ ካፒቴኔ ቆርጦ ሲለቅ አይቻለሁ። ከእኛ በስተደቡብ ያሉት ስቴቶች ይህን ያህል አልጠበቁም። ውሃውም ሞቀባቸው። ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ሎብስተር አይችልም። በ1999 ሎንግ አይላንድ ሳውንድ ላይ በገፍ አለቀ፣ የዚያ አካባቢ ሥራ እስከ ዛሬ አላንሰራራም።

እኛን ሙቀቱ መጀመሪያ ጠቀመን። በ2016 ሜይን ከ130 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣች። በ2023 ከ100 ሚሊዮን በታች ወረደ።

አሁን ካፒቴኖቹ «ጌጁ ተሰረዘ» ወደሚሉት። ሳይንቲስቶቹ ለሽያጭ ገና ያልደረሱትን ይቆጥራሉ፤ ሎብስተር ልክ እስኪሞላ ሰባት ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት የነገውን ከዛሬ ያያሉ። የአትላንቲክ ጠረፍ ስቴቶች ዓሣ ኮሚሽን በ2023 አንድ ነገር ወሰነ። እነዚህ ታዳጊዎች ከ35 በመቶ በላይ ከቀነሱ፣ ትንሹ ልክ በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ይጨመር ተባለ። ዓመቱ ሳያልቅ ቁጥሩ ያንን አለፈ። ማስጀመሪያው ተገፍቶ ተገፍቶ 2025 ገባ። አጥማጆቹ ተነሱ፣ ያኔ የስቴቱ የባህር ሀብት ኮሚሽነር የነበረው ፓትሪክ ኬሊሄርም ጃንዋሪ ላይ ደንቡን ሳበው። በኋላ ኮሚሽኑም ሻረው።

የአጥማጆቹ ቅሬታ ከካናዳ ጋር ነው። ማቻያስ ሲል ደሴት አጠገብ ሁለቱም አገር የኔ ነው የሚለው ውሃ አለ፣ ሁለቱም ያጠምዱበታል። እኛ ከ5 ኢንች በላይ ብለን የለቀቅናትን የካናዳው ጀልባ ቢያገኛት ይወስዳታል። ይህ እውነት ነው፣ ያናድዳል። ግን ያቺ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ሽያጭ ታዘገያለች እንጂ አታስቀርም። ሎብስተሩ ቅርፊቱን አንዴ ሲቀይር አድጎ ልኩ ውስጥ ይገባል። ይህን ለካፒቴኔ ብነግረው ለግማሽ ቀን አኮረፈኝ።

የጣና_ልጅ፦
ባህር ዳር ሆኜ ሳነበው ቀናሁ። እዚህ በክረምት የጣና ባርባስ ዓሣዎች ሊራቡ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ፣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋላቸዋል። ቀድማ የምትያዘው እንቁላል ያላት ናት። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን፣ ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ወንድሜ፣ ማንም ሳያይ የሚቆርጡት ግን እንዴት ሆኖ ነው?

ስተርንማኑ፦
ደግ ስለሆኑ እንዳይመስልህ። ባለፈቃዱ ራሱ ጀልባው ላይ መገኘት አለበት፣ ፈቃዱን አከራይቶ ቤቱ አይቀመጥም። አንድ ሰው ከ800 ወጥመድ በላይ አይጥልም። አዲስ ገቢ ሥራውን ተለማምዶ፣ ወረፋ ጠብቆ ነው የሚገባው። ስለዚህ የለቀቃት ሴት ነገ ለሱ ወይም ለልጁ እንደምትወልድ ያውቃል። ምልክት ያላትን የሸጠ ደግሞ ቅጣቱ ሳያንስ ወደቡ ላይ የሚያናግረው ያጣል። ጉማራ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ሰው፣ እሱ ቢተው ሌላው እንደሚይዝበት ነው የሚያስበው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እዘረጋ ነበር መሰለኝ።

ሚሚ_ሜይን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ገባኝ። አሁን ባለቤቴ ይህን አንብቦ «አምስት ወጥመድ ለራስ ይፈቀዳል አሉ፣ እሑድ እሑድ እወጣለሁ» እያለ ነው። ይቻላል?

ስተርንማኑ፦
አምስቱ እውነት ነው፣ ለነዋሪ ይፈቀዳል። ፈተና አለው፣ መሸጥ ክልክል ነው። እሑድን ግን ይርሳው። ከጁን እስከ ኦገስት፣ ቅዳሜ በፈረንጅ ከቀኑ 4 ሰዓት ጀምሮ ሰኞ ሊነጋ እስኪል ወጥመድ ማንሳት አይቻልም። የሰው ወጥመድ ደግሞ በቀልድም እንዳይነካ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ምልክት እያንዳንዱ በራሱ ቀለም ነው የሚቀባው፣ ማን የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እቀባለሁ ካለ መጀመሪያ ይጠይቅ፣ የተያዘ ሊሆን ይችላል።